ለተጠላ ሰው ማን ይቁምለት?

«በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ይላል ያገራችን ሰው። አባባሉን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ረጋ ብሎ ለመረመረው ግን የሚያስደንቅ ሐሳብ አለው። በዚያ ዘመን በቅሎ የአንድ ሰው ሀብቱም፣ ክብሩም፣ እግሩም ነበረች። ጭብጦ ደግሞ መንገደኛ ይዟት የሚወጣ የአንድ ጊዜ ስንቅ ናት። ታዲያ ተናጋሪው በዳኛ ፊት ተሟግቶ፣ ተረትቶ ካስረከባት በቅሎ ይልቅ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ አፉን ሳይከፍት የተነጠቃት ጭብጦ ታንገበግበዋለች። ሰውዬውን የሚያንገበግበው የንብረቱ ዋጋ ሳይሆን ሳይሰሙት መቅረታቸው ነው።

ይህን የሚያህል ቁም ነገር በአንዲት መስመር የቋጠሩት አባቶቻችን አንድ ከባድ ጥያቄ ግን ለእኛ ትተውልናል። ተከሳሹ መናገር የማይሆንለት ከሆነስ? ሕጉን የማያውቅ፣ በዳኛ ፊት ሲቆም ምላሱ የሚተሳሰር፣ ገንዘብ የሌለው፣ ዘመድ የሸሸው ቢሆንስ? ከዚህም የሚከብደው አለ፤ አገር ምድሩ የጠላው፣ ገና ፍርድ ቤት ሳይቀርብ ሁሉም በየቤቱ የፈረደበት ሰው ቢሆንስ? ለእንደዚህ ያለው ሰው ማን ይቁምለት? የሚቆምለት ሰው ቢገኝስ፣ እኛ ያንን ሰው እንዴት እንየው?

ለዚህ ጥያቄ ዕድሜውን የሰጠ አንድ ሰው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 22 ቀን 2019 በዩናይትድ ስቴትስ፣ በካሊፎርኒያዋ የሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በድንገት ዐረፈ። ስሙ ጄፍ አዳቺ ይባላል። በሞተ ጊዜ 59 ዓመቱ ነበር። የከተማው ተከላካይ ጠበቆች መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነበር፤ ይኸውም ወንጀል ሠርታችኋል ተብለው ተከሰው ጠበቃ ለማቆም አቅም ላጡ ሰዎች በመንግሥት ወጪ ጥብቅና የሚቆም መሥሪያ ቤት ነው። ይህን የመሰለ ሥራ የሚሠራ ሰው በሄደበት ሁሉ፣ በሠርግ ቤትም ሆነ በለቅሶ ቤት፣ አንድ ጥያቄ ይከተለዋል፦ «ጥፋተኛ መሆኑን እያወቅህ እንዴት ትከራከርለታለህ?» ይህ ጽሑፍም አዳቺን የሚያስታውሰው በዚያው ጥያቄ በኩል ነው።

* * *

በመጀመሪያ ሰውየው ከየት እንደመጣ እንይ። አዳቺ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1959 በሳክራሜንቶ ከተማ፣ ከጃፓን ዘር ከሆነ ቤተሰብ ነው። ወላጆቹና አያቶቹ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከታጎሩት ሰዎች መካከል ነበሩ። ጃፓን ፐርል ሃርበርን ከደበደበች በኋላ፣ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1942 በፈረሙት ትእዛዝ መሠረት፣ በምዕራብ ዳርቻ ይኖሩ የነበሩ ወደ 120,000 የሚጠጉ የጃፓን ዘር ያላቸው ሰዎች ከቤታቸው ተነቅለው በአጥር ወደተከለሉ ካምፖች ተወሰዱ። አብዛኞቹ እዚያው አሜሪካ የተወለዱ ዜጎች ነበሩ። ክስ አልተመሠረተባቸውም፤ ማስረጃ አልቀረበባቸውም፤ ጠበቃም አልቆመላቸውም። የአዳቺ ቤተሰብ የተነጠቀው እንግዲህ ያለ ፍርድ ነበር።

ወጣቱ አዳቺ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ሲማር ደግሞ ሌላ ታሪክ ገጠመው። ቾል ሱ ሊ የተባለ ከኮሪያ የመጣ ወጣት እ.ኤ.አ. በ1973 በሳን ፍራንሲስኮ የቻይናውያን ሰፈር ሰው ገድለሃል ተብሎ ተይዞ፣ በተከታዩ ዓመት የዕድሜ ልክ እስራት ተፈርዶበት ነበር። የመሰከሩበት በመንገድ ሲያልፉ ገዳዩን ለአፍታ ያዩ ነጭ መንገደኞች ናቸው። ኬ. ደብልዩ. ሊ የተባለ ጋዜጠኛ ጉዳዩን እየቆፈረ በተከታታይ ጻፈ፤ ተማሪዎችና የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ገንዘብ አሰባሰቡ፤ አዳቺም ከተማሪዎቹ አንዱ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1982 ጉዳዩ እንደገና ሲታይ ቾል ሱ ሊ በዚያ ግድያ ጥፋተኛ አይደለም ተባለ፤ በተከታዩም ዓመት ከእስር ወጣ። አሥር ዓመት ገደማ ታስሯል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። ቾል ሱ ሊ በመጀመሪያው ችሎት ጠበቃ አላጣም። ፍርድ ቤት ያቆመለት ጠበቃ ነበረው። ወደዚህ ነጥብ በኋላ እመለስበታለሁ።

አዳቺ ሕግ ተምሮ ሲወጣ በሳን ፍራንሲስኮው የተከላካይ ጠበቆች መሥሪያ ቤት ገብቶ አሥራ አምስት ዓመት ያህል አገለገለ። እ.ኤ.አ. በ2002 በከንቲባው የተሾመችውን ኃላፊ በምርጫ ተወዳድሮ አሸነፈና የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ሆነ። በካሊፎርኒያ ግዛት በሕዝብ ምርጫ የሚሾም ተከላካይ ጠበቃ የነበረው እሱ ብቻ ነው። እስኪሞት ድረስም ሕዝቡ መላልሶ መረጠው።

* * *

ለመሆኑ ጠበቃ መኖሩ ምን ይለውጣል? «እውነት ከሆነ እውነት ነው፤ ጠበቃ ቢኖር ባይኖር እውነቱ አይቀየር» የሚል ሰው አይጠፋም። ለዚህ ሰው የክላረንስ ጊዲዮንን ታሪክ መንገር ይበቃል።

ጊዲዮን ድሀ፣ ትምህርቱን ያቋረጠ፣ ከዚህ ቀደም በሌብነት የታሰረ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1961 በፍሎሪዳ ግዛት የአንድ ፑል ቤት በር ሰብረህ ሳንቲምና መጠጥ ሰርቀሃል ተብሎ ተከሰሰ። ዳኛውን ጠበቃ ቢጠይቅ፣ በግዛቲቱ ሕግ መሠረት መንግሥት ጠበቃ የሚያቆመው ሞት ለሚያስቀጣ ወንጀል ብቻ ነው ተባለ። እንደምንም ብሎ ለራሱ ተከራከረ። ተረታ። አምስት ዓመት ተፈረደበት። እስር ቤት ሆኖ በእርሳስ የጻፈው አቤቱታ ለሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በማርች 1963 በአንድ ድምፅ፣ በከባድ ወንጀል የተከሰሰ ድሀ ሁሉ በመንግሥት ወጪ ጠበቃ ሊቆምለት ይገባል ሲል ወሰነ።

ትልቁ ትምህርት ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በዚያው ዓመት ኦገስት ወር ጉዳዩ እንደገና ታየ። ተከሳሹ ያው ነው፤ ክሱ ያው ነው፤ ዋናው ምስክርም ያው ነው። የተጨመረው አንድ ጠበቃ ብቻ ነው። ጠበቃው አስቀድሞ ከቦታው ሄዶ ጠይቋል፤ የምስክሩን ቃል መርምሯል፤ ምስክሩ በዚያ ሌሊት እዚያ ምን ይሠራ እንደነበር አጥብቆ ጠየቀው። ጁሪዎቹ አንድ ሰዓት ያህል ተመካክረው ጥፋተኛ አይደለም ብለው ተመለሱ። ጊዲዮን ነፃ ወጣ።

እንግዲህ እውነቱ አልተቀየረም ብለን እንቀበል። በመጀመሪያው ቀን ግን ያ እውነት በችሎቱ ውስጥ አልነበረም። እውነት ራሷን ችላ እየተራመደች ዳኛ ፊት አትቀርብም። የሚፈልጋት፣ የሚያመጣት፣ ሲጋርዷት የሚገልጣት ሰው ያስፈልጋታል። ዐቃቤ ሕግ በበኩሉ ፖሊስ አለው፤ ምርመራ አለው፤ መንግሥት አለው። በዚያኛው ወገን ያለው ድሀ ግን አፉና እጁ ብቻ ነው።

* * *

የጊዲዮን ታሪክ ለጠበቃ ወገን የሚመች ታሪክ ነው። ንጹሕ ሰው ነፃ ሲወጣ ሁላችንም እናጨበጭባለን። ጥያቄውን በእውነት የሚፈትነው ግን ማንም የማያጨበጭብለት ጉዳይ ነው።

እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 2015 አንዲት የ32 ዓመት ወጣት በሳን ፍራንሲስኮ ወደብ ላይ ከአባቷ ጋር ስትንሸራሸር በጥይት ተመታ ሞተች። የተያዘው ቤት የሌለው፣ ከአሜሪካ አምስት ጊዜ ወደ ሜክሲኮ የተባረረ ስደተኛ ነበር። ጊዜው የፕሬዚዳንት ምርጫ ዘመቻ የተጀመረበት ነበርና የዚያች ወጣት ሞት የፖለቲከኞች መፈክር ሆነ። ተከሳሹ ፍርድ ቤት ከመቅረቡ በፊት በመላ አገሪቱ ተፈርዶበታል። እንዲህ ያለውን ሰው የመከላከል ዕጣ የወደቀው በአዳቺ መሥሪያ ቤት ላይ ነው።

ጠበቆቹ ስለ ስደተኝነት ፖለቲካ አልተከራከሩም። ስለ ጥይቱ ተከራከሩ። ጥይቱ መጀመሪያ የመታው መሬቱን እንደሆነ፣ ከዚያ ነጥሮ ሩቅ ተጉዞ ወጣቷን እንዳገኛት፣ ሽጉጡም ከአንድ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ መኪና የተሰረቀ እንደነበር በማስረጃ አሳዩ። አስቦ አልገደለም፤ ከእጁ ያመለጠ ጥይት ነው አሉ። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 30 ቀን 2017 ጁሪዎቹ ከግድያው ክስ ነፃ ብለው፣ በሽጉጥ መያዝ ብቻ ጥፋተኛ አሉት። አገር ተናወጠ። ፕሬዚዳንቱ ሳይቀሩ ውሳኔውን በአደባባይ አወገዙ።

በዚህ ቦታ ላይ ሆኖ ለተከላካይ ጠበቃ በቀላሉ የሚያወድስ ሰው የዚያን አባት ፊት የረሳ ሰው ነው። ልጁ አጠገቡ ሳለች በጥይት ተመትታ ሞታበታለች። ለእሱ የጥይት መንጠር ምኑ ነው? የሕግ ሥነ ሥርዓት ምን ይመልስለታል? ጠበቃውን ቢጠላው ማን ይፈርድበታል? በሀዘን የተመታ ቤተሰብ ሚዛን ይዞ እንዲቆም አይጠበቅበትም። ሚዛን እንዲይዝ የሚጠበቅበት ሌላው ነው፤ ያልተመታነው፣ በሩቅ ሆነን የሰማነው፣ በጋዜጣ ያነበብነው እኛ። እኛ ግን ብዙ ጊዜ የተጎጂውን ቁጣ ተውሰን እንፈርዳለን። ቁጣው የእኛ አይደለም፤ ፍርዱ ግን በስማችን ይሰጣል።

* * *

ወደ ጥያቄው እንመለስ፦ «ጥፋተኛ መሆኑን እያወቅህ እንዴት ትከራከርለታለህ?»

ጠበቆች የለመዱት መልስ «መብቱ ስለሆነ» የሚል ነው። መልሱ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ልብ አያረካም። ሰው የሚጠይቀው ስለ ሕጉ ሳይሆን ስለ ጠበቃው ሕሊና ነውና። እስቲ ጥያቄውን ራሱን እንመርምረው። «እያወቅህ» የሚለው ቃል በውስጡ ብዙ ነገር ደብቋል። ጠበቃው ከየት አወቀ? ከፖሊስ መዝገብ? መዝገቡ እኮ የአንድ ወገን ቃል ነው። ከፊቱ? ከሰፈሩ? ከቀድሞ ጥፋቱ? ጊዲዮንም የቀድሞ ጥፋት ነበረበት።

አንድ ተከላካይ ጠበቃ በልቡ «ይህስ አድርጎታል» ብሎ ክንዱን ቢያላላ ምን ሆነ ማለት ነው? ምስክሩን መጠየቅ ያለበትን ያህል ሳይጠይቅ፣ መሄድ ያለበት ቦታ ሳይሄድ ቢቀር? ሰውየው ተፈርዶበታል ማለት ነው። የፈረደውም ጠበቃው ነው። ይህ ፍርድ ግን ከፍርድ ሁሉ የከፋ ነው፤ ችሎት የለውም፣ መዝገብ የለውም፣ ይግባኝ የለውም። ተከሳሹ ራሱ እንደተፈረደበት አያውቅም። አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው ጠበቃዬ ነው ብሎ ያስባል፤ ያ ሰው ግን ድብቅ ዳኛው ነው። ጭብጦዋ በጓሮ ተወሰደች ማለት ይህ ነው።

ስለዚህ ጥፋተኛ መስሎ ለታየውም ሰው አጥብቆ የሚከራከር ጠበቃ ለክፋት ያደረ ሰው ነው ለማለት አይቻልም። እሱ ያልተሰጠውን ሥልጣን አልነካም ብሎ የቆመ ሰው ነው። መፍረድ የዳኛው፣ መክሰስ የዐቃቤ ሕጉ፣ መከላከል የእሱ ድርሻ ነው። ድርሻውን ሲለቅ የሚፈርሰው የአንድ ሰው ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ሦስት እግር ያለው በርጩማ አንዱ እግሩ ሲነቀል በላዩ የተቀመጠው ሁሉ ይወድቃል።

ይህ ማለት ግን ለጠበቃ ሁሉም ነገር ይፈቀድለታል ማለት አይደለም። ሐሰተኛ ምስክር ማሰለፍ፣ ማስረጃ መደበቅ፣ ችሎትን መዋሸት ጥብቅና ሳይሆን ወንጀል ነው። «አረጋግጡ» ማለትና «አልሆነም» ብሎ መዋሸት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጥሩ ተከላካይ ጠበቃ ተከሳሹን ቅዱስ ነው ብለን እንድናምን አይጠይቀንም፤ ከመቅጣታችን በፊት ሥራችንን እንድንሠራ ነው የሚጠይቀን።

በዚህ ሁሉ ውስጥ አንዳንድ ጥፋተኛ እንደሚያመልጥ አልክድም። ያመልጣል። ያመለጠው ሰው ተመልሶ ሌላ ሰው ሊጎዳም ይችላል። ይህ ቀላል ዋጋ አይደለም፤ ዋጋውን የሚከፍለውም ብዙ ጊዜ ድሀው ጎረቤት ነው። ሌላኛው መንገድ ግን ጥፋተኛን ያስቀራል ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። ቾል ሱ ሊ ወኅኒ ቤት ተቀምጦ ሳለ የዚያ ሟች ገዳይ በነፃነት ይኖር ነበር። ያለ ክርክር የተሰጠ ፍርድ ንጹሑን ሲያስር ጥፋተኛውን ይፈታል። ሟችም በሐሰት ተበቀሉለት እንጂ ፍትሕ አላገኘም።

* * *

«ይህ የፈረንጅ ነገር ነው፤ እኛ ዘንድ የራሳችን ችግር መች አለቀ?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኔ ግን ይህ ጥያቄ ከማንም ይልቅ ለእኛ ቅርብ ነው እላለሁ።

እኛ በሙግት የምንታወቅ ሕዝብ ነን። በላ ልበልሃ ብሎ በዳኛ ፊት የሚቆም፣ ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላ ተቆራኝተው ዳኛ ፍለጋ የሚሄዱበት ባህል ነበረን። ነገር አዋቂ ይከበር ነበር። በዚያው ዘመን ደግሞ ሌባ ሻይ የሚባል ነገር ነበረን። አንድ ልጅ መድኃኒት እንዲጠጣ ይደረግና እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ዕዳውንም ይከፍላል። ለዚያ ባለቤት ማን ተከራከረለት? ልጁን ማን መስቀለኛ ጥያቄ ጠየቀው? ስንሟገት እንዲያ የምንደምቅ ሰዎች፣ የተፈራና የተጠላ ሰው ሲመጣ ሙግቱን ትተን ወደ ሌባ ሻይ የምንሮጥበት ጊዜ ነበረ።

ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ይህ በአደባባይ ሆነ። ደርግ አክሊሉ ሀብተ ወልድንና እንዳልካቸው መኮንንን ጨምሮ ስልሳ የሚሆኑ ሰዎችን ያለ ፍርድ ገደለ። ክስ አልተነበበላቸውም፤ «ምን ትላላችሁ?» ያላቸው ዳኛ አልነበረም። ከሟቾቹ መካከል በእርግጥ የሚጠየቅ ይኖር ይሆናል። ግን ማን ምን እንደሠራ ዛሬ ለይቶ የሚነግረን መዝገብ የለም፤ ችሎቱ አልተሠየመማ። ዛፍ ሲወድቅ ምሳር ይበዛበታል እንዲሉ፣ በዚያን ሰሞን ለእነዚያ ሰዎች ቃል መናገር የወደቀውን ማንሳት ሳይሆን አብሮ መውደቅ ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ያለ ፍርድ መሞት የመኳንንት ዕጣ ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ ወደ ወጣቱ፣ ወደ ጎረቤት፣ ወደ እያንዳንዱ ሰፈር ወረደ። በመጀመሪያው ቀን ዝም የተባለለት ነገር ለሁሉም ደረሰ።

ታሪክ ግን ዞሮ ይመጣል። ደርግ ወደቀ። በ1984 ዓ.ም. ልዩ ዐቃቤ ሕግ ተቋቋመ፤ ታኅሣሥ 4 ቀን 1987 ዓ.ም. የደርግ ባለሥልጣናት በዘር ማጥፋትና በሌሎች ከባድ ወንጀሎች ተከሰው ችሎት ፊት ቆሙ። ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በዚምባብዌ ስለነበሩ በሌሉበት ታየ። ጠበቃ ለማቆም ላልቻሉ ተከሳሾችም መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምላቸው የተከላካይ ጠበቆች ጽሕፈት ቤት በ1986 ዓ.ም. ተቋቁሞ ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 5 የተከሰሱ ሰዎች በመረጡት ጠበቃ የመወከል፣ አቅም አጥተው ፍትሕ የሚጓደል ከሆነም ከመንግሥት ጠበቃ የማግኘት መብት እንዳላቸው ደነገገ።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ነገር ቆም ብለህ ተመልከተው። ለሌላው ጠበቃ ቀርቶ መቃብር የነፈጉ ሰዎች ጠበቃ ቆመላቸው! ያኔ ጥቁር ልብሷን ገና ላላወለቀች እናት ይህ ምን ስሜት ሰጥቷት ይሆን? የልጅዋ አሟሟት በምስክር ሲነገር፣ አንድ ሌላ ኢትዮጵያዊ ጥቁር ካባ ለብሶ ተነሥቶ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ምስክሩን ጥያቄ አለኝ» ሲል ስትሰማ? እኔ ይቅር በይ ልላት አልችልም። የምለው ሌላ ነው። ያ ጠበቃ ያን ቀን የተናገረው ለተከሳሹ ብቻ አልነበረም። ሳይናገር በሌሊት ለተወሰደው ልጇም ጭምር ነበር። «ሰው ሳይሰማ አይቀጣም» የሚለው ቃል ለልጇ ተነፍጎ ነበርና፣ በገዳዮቹ ላይ እንኳ ሳይቀር ሲፈጸም ቃሉ ከሞት ተነሣ። ለእነሱም ቢነፈግ ኖሮ፣ ደርግ ሕጉን ለወራሾቹ አስተምሮ ሄደ ማለት ነበር።

ያ የፍርድ ሂደት እንከን አልነበረውም አልልም። አሥራ ሁለት ዓመት ፈጀ፤ ፍርዱን ሳያዩ በእስር ላይ እንዳሉ የሞቱ ተከሳሾች ነበሩ፤ የዘገየ ፍትሕ የተጓደለ ፍትሕ ነው የተባለውም ያለ ምክንያት አይደለም። ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. የጥፋተኝነት ውሳኔው ተሰጠ። ይግባኝ ተብሎ ግንቦት 18 ቀን 2000 ዓ.ም. የሞት ቅጣት የተወሰነባቸው ነበሩ፤ በ2003 ዓ.ም. የታሰሩት ባለሥልጣናት ቅጣት ወደ ዕድሜ ልክ ተቀየረ። ዛሬ አንድ ሰው «በዚያ ዘመን ምን ተሠራ?» ቢል፣ ምስክር የተሰማበት፣ ጥያቄ የተጠየቀበት፣ ክርክር የተደረገበት መዝገብ አለ። የኅዳር 14ቱ ግን መዝገብ የለውም።

* * *

ቅድም እመለስበታለሁ ያልኩት ነጥብ አለ፤ ቾል ሱ ሊ በመጀመሪያው ችሎት ጠበቃ ነበረው ብዬ ነበር። ጠበቃ ነበረው፤ ግን ዕድሜ ልክ ከመታሰር አላዳነውም። ሕግ «ጠበቃ ይቁምለት» ሊል ይችላል፤ ያቆመውን ሰው ልብ ግን ሕግ አይሰጥም። የተከሳሹን ስም ችሎት በር ላይ የሚጠይቅ፣ መዝገቡን በኮሪደር ቆሞ የሚገልጥ፣ «ቅጣት ይቅለልልን» ከማለት በቀር ሌላ ቃል የማያወጣ ጠበቃ ከሌለ ጠበቃ ሊከፋ ይችላል። የሌለ ጠበቃ ቢያንስ ባዶ ወንበሩ ይታያል። ለይስሙላ የቆመ ጠበቃ ግን በፍርዱ ላይ ማኅተም ነው፤ «ተከራክሮ ተረታ» ያሰኛል።

የዚህ ጥፋት ሁልጊዜ የግለሰቡ አይደለም። በእኛም ፍርድ ቤቶች አካባቢ የተከላካይ ጠበቆች ቁጥርና የመዝገቡ ብዛት እንደማይመጣጠን፣ ዐቃቤ ሕግ ፖሊስን ሲያዝ ተከላካይ ጠበቃ ግን ምስክር ፍለጋ የሚሄድበት የትራንስፖርት ገንዘብ ሲቸግረው የቆየ መሆኑ ሲነገር የኖረ ነገር ነው። አንድ ሰው የብዙ ሰው ሸክም ሲጫንበት ትጋቱም ይዝላል።

የአዳቺ ታላቅነት እዚህ ላይ ይመስለኛል። መሥሪያ ቤቱ በዓመት ከ20,000 በላይ ሰዎችን ያገለግል ነበር። ኃላፊ ከሆነ በኋላ ቢሮ ቁጭ ብሎ መፈረም ሲችል፣ እየተነሣ ራሱ ችሎት ይቆም ነበር። ስለ በጀት ከከተማው ሹማምንት ጋር መሟገት የየዓመቱ ሥራው ነበር፤ ጠበቃ ቢበዛበት መዝገብ ይነበባል፣ ጠበቃ ቢያንስ ሰው ሳይሰማ ይታሰራል የሚል ነበር ክርክሩ። እ.ኤ.አ. በ2011 ፖሊሶች ድሆች በሚያድሩባቸው ሆቴሎች ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ ክፍል እየሰበሩ ሲገቡ የሚያሳይ የካሜራ ምስል ለሕዝብ ይፋ አደረገ። ፖሊሶቹ በሪፖርታቸው የጻፉት ሌላ፣ ምስሉ የሚያሳየው ሌላ ነበር። በዚህም ምክንያት ከመቶ የሚበልጡ ክሶች ተነሡ፤ የፌዴራል መንግሥትም በፖሊሶች ላይ ክስ መሠረተ። ያን ምስል ያስገኘው ትልቅ ፍልስፍና አልነበረም። አንድ ጠበቃ «የፖሊሱ ቃል ይህ ነው፤ እስቲ ካሜራው ምን ይላል?» ብሎ ተነሥቶ በመሄዱ ነው።

ከችሎት ውጭም በድሆች ሰፈር ወጣቶች ወደ ወንጀል ሳይገቡ እንዲደገፉ የሚሠራ ድርጅት በመሥሪያ ቤቱ ሥር አቋቁሟል፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ለመባረር ለተያዙ ስደተኞች የሚከራከር ክፍል ከፍቷል። ሁሉም ሰው ወደደው ማለት ግን አይደለም። ፖሊሶች አልወደዱትም። የከተማው ሠራተኞች ጡረታ ይሻሻል ብሎ ባነሣው ሐሳብ የሠራተኛ ማኅበራትን አስቆጥቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ለከንቲባነት ተወዳድሮም ተሸንፏል። ለተጠሉት የሚቆም ሰው ለራሱ መወደድን ሥራዬ ብሎ ሊይዝ አይችልም።

* * *

እንዲህ ያለውን ሰው እንዴት እናስታውሰው? ሐኪም ሲሞት ያዳናቸው ሰዎች ለቅሶ ይደርሳሉ። መምህር ሲሞት ተማሪዎቹ አስከሬኑን ይሸከማሉ። ተከላካይ ጠበቃ ግን ካገለገላቸው ሰዎች ብዙዎቹ ወኅኒ ቤት ናቸው። ነፃ የወጡትም «እኔ እንዲህ ተከስሼ ነበር» ብለው በሰው ፊት ሊመሰክሩ ያፍራሉ። የቀሩት ደግሞ ተረትተዋል፤ ምስጋና የተረታ ሰው የመጀመሪያ ቃል አይደለም። ለዚህ ሙያ ሐውልት ብዙ አይቆምም።

የተረታውም ሰው ቢሆን ግን፣ ጠበቃው በእውነት ተከራክሮለት ከነበረ፣ አንድ ነገር ይዞ ይገባል። ሲፈረድበት ብቻውን አልነበረም። ስሙን የሚያውቅ፣ ታሪኩን የሰማ፣ ስለ እሱ ቆሞ የተናገረ አንድ ሰው ነበረ። በቅሎው ሄዳለች፤ በፍርድ ነው የሄደችው።

እኛ በበኩላችን ነገ አንድ የሚያስጠላ ወንጀል እንሰማለን። ስሙ በሬዲዮ ይነገራል፣ ፎቶው በየስልኩ ይዞራል፣ እኛም ቡና እየጠጣን እንፈርዳለን። በማግሥቱ ጠዋት አንድ ደመወዙ አነስተኛ የሆነ ሰው ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወደ ማረፊያ ቤት ይሄዳል፤ በፍርግርጉ በኩል ለዚያ ለተጠላው ሰው ስሙን ይነግረዋል፤ ወንበር ስቦ ይቀመጣል፤ «እሺ፣ ከመጀመሪያው ጀምረህ ንገረኝ» ይለዋል። ያን ሰው «እንዴት ትከራከርለታለህ?» ብለን ከመጠየቃችን በፊት፣ መዝገቡን የሚያነብበት ጊዜና ምስክር የሚፈልግበት አቅም ሰጥተነው እንደሆነ ራሳችንን እንጠይቅ።